የሚፈለፈል ወይስ የተላጠ? የአርቴሚያ እንቁላል ለሚገዙ የጅማ ዓሣ አርቢዎች

አርቴሚያ በጨው ውኃ የሚኖር ደቃቅ ፍጥረት ሲሆን፣ ለዓሣ ጫጩት (ገና ለተወለደ ዓሣ) ምግብ ይሆናል። እንቁላሉ በገበያ ላይ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ቅርፊቱን እንደያዘ መጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ የሚፈለፈለው ነው። ሁለተኛው ቅርፊቱ በኬሚካል ተወግዶ የደረቀው ሲሆን፣ ሳይፈለፈል በቀጥታ ይሰጣል። ማሸጊያቸው ሊመሳሰል ይችላልና ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘን ዕቃ መመለስ ቀላል አይደለም። ቅርፊት ያለውን ሳይፈለፍሉ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ቅርፊቱ ስለማይፈጭ የጫጩቷን አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

የሚፈለፈለው

ለዓሣ ጫጩት ከዚህ የሚበልጥ ምግብ የለም እላለሁ። ይንቀሳቀሳል፤ ጫጩቷም የሚንቀሳቀሰውን ታሳድዳለች። ጨው በሌለው የገንዳ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በሕይወት ስለሚቆይ ተበልቶ የማለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ውኃውን ከደረቅ ምግብ ያነሰ የሚያበላሸውም ለዚህ ነው።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ሊትር ውኃ 25 ግራም ያህል ጨው፣ የማያቋርጥ አየር፣ ብርሃን፣ እንዲሁም ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። እነዚህ ሲሟሉ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሞቂያ በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ጊዜው ይረዝማል፤ የሚፈለፈለውም ቁጥር ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአየር ፓምፑ ይቆማል፤ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ ያስፈልግዎታል።

ሲሰበስቡ ፓምፑን አጥፍተው ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፣ ያልተፈለፈለው ይዘቅጣል፣ ሕይወት ያላቸው ወደ ብርሃን ይሄዳሉ። እነርሱን ብቻ በቀጭን ቱቦ ስበው በጥቅጥቅ ጨርቅ ያጥልሉ፤ በንጹሕ ውኃም ያለቅልቋቸው። የመፈልፈያውን ውኃ ወደ ገንዳው መገልበጥ ጨውንና ባክቴሪያን አብሮ ማስገባት ነው። ከተፈለፈሉ በኋላ የያዙትን አስኳል እየጨረሱ ስለሚሄዱ በዚያው ቀን መመገብ ይገባል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ የቆርቆሮውን ክብደት ብቻ አይዩ። ከመቶ 90 የሚፈለፈልለት እንቁላል 60 ከሚፈለፈልለት በአንድ ተኩል እጥፍ ቢወደድ እንኳ ስሌቱ እኩል ነው፤ የሚጣለው ቅርፊትም ያንሳል። እንቁላሉ እርጥበት ከሳበ አይፈለፈልምና ዝናብ በሚበዛባት ጅማ ትልቅ ቆርቆሮ ከመግዛት ትንሽ ትንሹን መግዛት ይሻላል። የተከፈተውን በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።

የተላጠው

ጨው፣ ማሞቂያና መፈልፈያ አይጠይቅም። አስኳሉ ስላልተነካ ጥሩ ምግብ ነው። መጠኑም አንድ አራተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ከተፈለፈለው ይልቅ ለትንሽ አፍ ይመቻል። ጉድለቱ አለመንቀሳቀሱ ነው። ይዘቅጣል፤ ካልተበላ በስብሶ አሞኒያ ይፈጥራል።

ስለዚህ በስቴኪኒ ጫፍ ከሚነሣው አይብለጥ። በትንሽ የገንዳ ውኃ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ዘፍዝፈው፣ ማጣሪያውን አቁመው፣ ጫጩቶቹ በተሰበሰቡበት ጥግ በጠብታ መስጫ ያንጠባጥቡት። ሆዳቸው ብርቱካናማ ሆኖ ከታየ በልተዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወለሉ ላይ የቀረውን በቱቦ ይሳቡና ማጣሪያውን መልሰው ያስነሡ። ጠጠር የተነጠፈበት ገንዳ ትርፍራፊውን ስለሚደብቅ ለጫጩት ባዶ ወለል ይመረጣል።

የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል አስኳል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውኃውን በፍጥነት ስለሚያደፈርስ ለትንሽ ገንዳ አልመክረውም።

የትኛውን ይግዙ?

ጉፒና ሞሊ ለሚያረባ የተላጠው ይበቃዋል፤ ጫጩቶቻቸው ተለቅ ብለው ስለሚወለዱ የማይንቀሳቀስ ምግብም ይለቅማሉ። ቤታ ወይም ኤንጅልፊሽ ለሚያራባ ግን የሚፈለፈለው የግድ ነው እላለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚንቀሳቀሰውን እንጂ ሌላውን እምብዛም አይነኩም። እንዲህ ያለው አርቢ ከተላጠውም አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቢጨምር፣ መብራት ጠፍቶ መፈልፈያው በቆመ ቀን ከፍ ከፍ ያሉትን ጫጩቶች ይመግብበታል።