ክፍልን በስልክ መቃኘት፦ ለንድፍ የሚበቃ፣ ለመጋዝ የማይበቃ

የኩሽና ካቢኔትና ቁምሳጥን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልኬት የምወስደው እኔ ነኝ። ባለፉት ስምንት ወራት ከሜትሬ ጎን ለጎን የቤትን ውስጥ በስልክ ካሜራ ቃኝቶ ወደ ስሪዲ ሞዴል የሚለውጥ መተግበሪያ ስጠቀም ቆይቻለሁ።

እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ጥሩ ውጤት የሚሰጡት ሊዳር በተባለው ዳሳሽ ሲታገዙ ነው። ሊዳር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አይፎን 12 ፕሮ ጀምሮ በፕሮ ሞዴሎች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ወደ ግድግዳው ልኮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በማስላት ርቀትን ያውቃል። የሚደርሰው እስከ አምስት ሜትር ገደማ ስለሆነ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ይበቃል፤ ጣሪያው ለራቀ አዳራሽ ግን አይሆንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስልኩን በደረቴ ልክ ይዤ በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብዬ ስዞር፣ ነጭ መስመር የግድግዳውን ጠርዝ፣ የበሩንና የመስኮቱን ዙሪያ እየተከተለ በስክሪኑ ላይ ይሰመራል፤ ከታች ደግሞ የቤቱ ትንሽ ምስል ግድግዳ በግድግዳ እየተገነባ ይታያል። ባለሁለት መኝታ ቤት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ፈጠን ካልኩ ቀስ በል ይለኛል፤ ክፍሉ ከጨለመ መብራት አብራ ይላል። መብራት በሄደበት ቀን ይህን ምክር ማንበብ እንዴት እንደሚያበሳጭ መገመት አያዳግትም።

ጥቅሙን በደንብ የተረዳሁት ዋሽንግተን ከምትኖር ደንበኛ ጋር ስሠራ ነው። አያት አካባቢ ያስገዛችውን ቤት በአካል አይታው አታውቅም፤ የወንድሟ ልጅ የሚልክላት ቪዲዮም «ፍሪጁ የት ይቆማል?» የሚለውን ጥያቄዋን አልመለሰላትም። ሞዴሉን በቴሌግራም ስልክላት በጣቷ እያዞረች አየችው፤ ፍሪጁ የበረንዳውን በር እንደሚጋርድ ራሷ ደርሳበት «እንግዲያው ከማጠቢያው ወዲያ ይዙርልኝ» አለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለች ውሳኔ ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የድምፅ መልእክት እንለዋወጥ ነበር።

መስታወት ግን አይሆንለትም። ባለመስታወት ቁምሳጥን በቆመበት አንድ መኝታ ቤት ውስጥ መተግበሪያው ከግድግዳው ማዶ የሌለ ክፍል ሠርቶልኛል፤ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ዞሮ ስለሚመለስ ርቀቱ ረዝሞ ይቆጠራል። አሁን መስታወቱን በጋቢ ሸፍኜ ነው የምቃኘው። በነገራችን ላይ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ለመተግበሪያ ሠሪዎች ያቀረበው ሩምፕላን የተባለ የክፍል መቃኛ ሶፍትዌር ከሶፋና ከአልጋ አልፎ የሳሎን እሳት ማንደጃን ሳይቀር ለይቶ ያውቃል፤ መሶብና ረከቦት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ዋናው ቅሬታዬ ከልኬቱ ጋር የተያያዘ ነው። ባለፈው ወር በሁለት ግድግዳ መካከል ያለው የአንድ ኩሽና ስፋት በሞዴሉ ላይ 2 ሜትር ከ84 ሆኖ ወጣ፤ በሜትር ስለካው ከወለሉ አጠገብ 2 ሜትር ከ83፣ ወገብ ላይ ግን 2 ሜትር ከ81 ነበር። ልስኑ መሃል ላይ አብጧል፤ መተግበሪያው ግን ማንኛውንም ግድግዳ ለጥ ያለና ቀጥ ያለ አድርጎ ይስለዋል። ለፕላን ሦስት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም፤ ለካቢኔት ግን ሳጥኑ አይገባም ማለት ነው። ካቢኔቱ የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት፣ ኤምዲኤፉ፣ በዚያ ቁጥር ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የኛ ነበር።

መቃኘቱ ነጻ ነው፤ ፋይሉን ፕላን ወደሚሳልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ወደ አውቶካድ፣ ለማውጣት ግን ወርሃዊ ክፍያ ይጠየቃል፣ ክፍያው የሚፈጸመውም በዶላር ካርድ በመሆኑ የኔን የሚከፍልልኝ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ነው። ለዚህ ሲባል ብቻ ፕሮ አይፎን መግዛት አያዋጣም ባይ ነኝ፤ ስልኩ በእጁ ላለ ባለሙያ ግን ከደንበኛ ጋር መነጋገሪያ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። እኔ በመጀመሪያው ቀን እቃኛለሁ፣ ንድፉም በሞዴሉ ላይ ይጸድቃል፤ እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት ግን ተመልሼ ሄጄ ታች፣ ወገብና ላይ በሜትር ለክቼ ከሦስቱ ትንሹን ቁጥር ለወርክሾፑ እሰጣለሁ።