ሶላር በድሬ ሙቀት፦ የ11 ወር ልምዴ

ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አይነገርም። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ይቆማል። ክፍሉ ወዲያው ይታፈናል። ፍራሽ ተሸክመን ግቢ እንወጣለን። ከሙቀቱ ስንሸሽ ቢምቢ ይቀበለናል። እኛስ እንችለዋለን። እማዬ ግን ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው መቀመጥ ያለበት። የእኛ ግንቦት ደግሞ 35 ዲግሪን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ፍሪጁ ሲጠፋ መድኃኒቱን እርጥብ ጨርቅ በጠቀለልንበት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠን፣ እየተነሳን ጨርቁን እያረጠብን ስንት ሌሊት አድረናል።

ሶላር ያስገባሁት ለዚህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ተገጠመ፣ አሁን መስከረም ላይ 11 ወር ሞላው። የበጋውን አቧራ፣ የግንቦትን እሳት፣ የሐምሌን ደመና አብረን አይተናል። ጎረቤቶቼ በየቀኑ ስለሚጠይቁኝ፣ እኔም ስገዛ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ስላልነበረ፣ የማውቀውን ሁሉ ልጻፈው።

ጣሪያዬ ላይ ባለ 450 ዋት ሁለት ፓኔል አለ። ባትሪው ባለ 24 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር 1500 ዋት ነው፤ ቻርጅ መቆጣጠሪያው አብሮ ውስጡ ነው። ከቆጣሪ የሚመጣውንም መብራት ስለሚቀበል፣ ባትሪው ሲያንስ ራሱ ወደ ቆጣሪው ይዞራል። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም። ከወጪዬ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ግን ባትሪው መሆኑን እወቁ።

መጀመሪያ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛሁት ሌላ ነበር። ፓኔሉ ጀርባ ላይ 300 ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩ «ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ሁሉንም ይችላል» አለኝ። አምኜው ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ወሰድኩት። እውነተኛ የ300 ዋት ፓኔል ግን ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1000 ዋት ያህል ነው። የዛሬ ጥሩ ፓኔል ከዚህ ውስጥ ወደ መብራት የሚቀይረው ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ የሚለውን ነው። ስለዚህ 1 ካሬ ሜትር ፓኔል ከ200 ዋት ብዙም አይርቅም። ያ የተሸወድኩበት ፓኔል ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 54 ሳንቲ ነበር። ሲባዛ 0.65 ካሬ ሜትር ነው። 300 ዋት ከየት ያመጣል? 130 ቢሰጥ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ያሉኝ ግን እያንዳንዳቸው ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት፣ ከ1 ሜትር በላይ ወርድ አላቸው። ክብደታቸውም ከ20 ኪሎ ያልፋል፣ ጣሪያ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ፈልገዋል። የተለጠፈ ወረቀት ማንም ያትማል። ሜትር ግን አይዋሽም።

ከዚያ ጋር የመጣው ጄል ባትሪ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ሞተ። ያስቀመጥኩት ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ በሆነችው ዕቃ ቤት ነበር። ጄልም ሆነ የመኪና ባትሪ የእርሳስ ብረት ዘር ናቸው። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። በዚያ ላይ ከግማሽ በታች አዘውትሮ ማውረድ አይወዱም፣ እኔ ደግሞ በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው እጨርሰው ነበር። ሊቲየሙ ከሙሉው 80 በመቶ ያህሉን ብጠቀምበት አይጎዳም። እሱም ቢሆን ሙቀት አይስማማውም። አሁን ነፋስ በሚገባበት ኮሪደር፣ ፀሐይ በማትደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ወገብ ያህል ከፍ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ከፍታው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ውድ ዕቃ መሬት ላይ አያስቀምጥም።

ሁለተኛ ጊዜ ልገዛ ስነሳ ሱቅ አልሄድኩም። ደብተር ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ትንሿ ፍሪጃችን በቀን 1 ኪሎዋት-ሰዓት፣ ማለትም 1000 ዋት-ሰዓት ገደማ ትበላለች፤ የካርድ ቆጣሪያችን የሚቆጥረው እሱኑ ነው። ሁለቱ ቬንትሌተሮች ባለ 45 ዋት ናቸው። ተደምረው በቀን 20 ሰዓት ቢሠሩ 900 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ስድስቱ ባለ 9 ዋት አምፖሎች አምስት አምስት ሰዓት ሲበሩ 270 ነው። ቴሌቪዥኑ 350 ገደማ። ስልኮቹ ኢምንት ናቸው። ኢንቨርተሩ ግን ቀላል አይደለም። ምንም ሳይሰካበት እንኳ የእኔው 25 ዋት ያህል ይጠጣል፣ በ24 ሰዓት 600 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ የለም። ሁሉም ሲደመር 3.1 ኪሎዋት-ሰዓት አካባቢ መጣ። ሁለቱ ፓኔሎች በጥሩ ቀን 3.5 ገደማ ያስገባሉ። በጥሩ ቀን ይበቃል ማለት ነው፣ ብዙም ግን አይተርፍም። በአብዛኛው ሲነጋ ባትሪው 20 በመቶ አካባቢ ላይ ይገኛል።

ምጣድስ? ሁሉም ሴት የምትጠይቀኝ ይህን ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይፈልጋል። የእኔ ኢንቨርተር 1500 ነው። አይሆንም። እንጀራ የምጋግረው እንደ ድሮው መብራት ባለበት ቀን ነው። «ምጣድም ይችላል» ብሎ ትንሽ ሶላር የሚሸጥላችሁ ካለ ጥላችሁት ውጡ።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ድሬ ውስጥ ስለ ሶላር ሲወራ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «አቦ፣ እንደ ድሬ ፀሐይ የት አለና!» እውነት ነው፣ ፀሐይ ሞልቶናል። ፓኔል የሚፈልገው ግን ብርሃኗን ነው። ሙቀቷ ያደክመዋል። ጀርባው ላይ የተጻፈው 450 ዋት የተለካው የፓኔሉ ገላ 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእኔን የገጠመው ልጅ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ለጥፎት ነበር የሄደው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓኔል 60 ዲግሪን ያልፋል። ከ25ቱ በ35 ዲግሪ በለጠ ማለት ነው፣ ከመቶ ከ10 በላይ ያለሥራ ይቀልጣል።

የካቲት ላይ ብረት በያጅ ጠርቼ ከቆርቆሮው በ15 ሳንቲ ከፍ የሚያደርገው መደብ አሠራሁ። በሥሩ ነፋስ ያልፋል። ትንሽ ወደ ደቡብ እንዲያዘነብልም አደረግን። ድሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለምትርቅ፣ ከዓመቱ በሚበዙት ወራት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ቀድሞ በጠራ ቀን ቀትር ላይ የኢንቨርተሩ ስክሪን የሚያሳየኝ 640 ዋት አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 690 ገባ። እህቴ ሐረር ናት፣ ተመሳሳይ ፓኔል አላት። ሐረር ከእኛ ከፍ ትላለች፣ ትቀዘቅዛለች። ጥር ላይ ሄጄ የእሷን ስክሪን ሳየው ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሙቀታችን ስጦታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አቧራው ሌላ ጉዳይ ነው። በበጋ ከደቻቱ አሸዋ የሚነሳው ነፋስ የማይገባበት ቦታ የለም። ታኅሣሥ ላይ ቁጥሩ እየወረደ ወረደ፣ 540 ደረሰ። «በሁለት ወሩ ተበላሸ» ብዬ ልቤ ደነገጠ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳየው ፓኔሉ ቡና ዓይነት ሆኗል። ታጥቦ ወደ 640 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ። የማጥበው ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይሞቅ ነው። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እንዳይነካው። ላዩ ላይ መርገጥም አይታሰብም።

አንድ ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ስክሪኑ 120 ዋት ብቻ ይላል። ለካ ባትሪው ሞልቶ ነው። ባትሪው ሲሞላ መቆጣጠሪያው ፓኔሉን ይገታዋል፣ ቤቱ ከሚጠቀመው በላይ አይወስድም። አሁን በዚያ ሰዓት ካውያ እተኩሳለሁ። የእኔ ካውያ 1000 ዋት ስለሆነ ኢንቨርተሩ ይችለዋል። በነጻ የሚያልፍ ኃይል ነው፣ ለምን ይባክናል? ማታ ግን ካውያ ክልክል ነው።

በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። ገጣሚው ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የዘረጋው ሽቦ ቀጭን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ካውያ ስተኩስ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ሽቦውን ስነካው ያቃጥላል። 1000 ዋት በ24 ቮልት ሲሄድ ከ40 አምፔር በላይ ነው፣ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ደጋግሜ ብደውል አላነሳም። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ በወፍራም፣ ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሽቦ አስቀየርኩ፣ በባትሪው በኩል ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥ ብሬከር አስገባሁ፣ ኤርዝ አስቀበርኩ። እናት ተኝታ ባለችበት ቤት እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቶ መሄድ ነውር ነው። ስታስገጥሙ ሥራው ሳያልቅ ገንዘቡን ጨርሳችሁ አትክፈሉ። ከባድ ዕቃ አሠርታችሁ፣ የሽቦውን ላስቲክ በእጃችሁ ነክታችሁ ነው መክፈል።

ሌላው ችግር ድምፁ ነው። የኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣ ቀትር ላይ ይጮኻል። ባትሪው ሲያንስ ደግሞ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ግንቦት ላይ ሁለቱም ቬንትሌተር ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሦስቴ ቀስቅሶናል። መኝታ ቤት ውስጥ አታስገጥሙት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው በተከታታይ ሲቆይ የሚገባው ኃይል በግማሽ የወረደበት ቀን ነበር። መብራት ካለ ወደ ቆጣሪው ይዞራል። ከሌለ ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን፣ ፍሪጁንና የእማዬን ቬንትሌተር እናስቀራለን። ችለነዋል።

«ግድባችን ተመርቆ ሶላር ምን ያደርጋል?» የሚለኝም አለ። እኔም በግድቡ ደስ ብሎኛል፣ 5150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኃይሉ ብዙ ቢሆንም ቤቴ የሚደርሰው በሰፈሬ ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው። ያ ሽቦ በነፋስ ይበጠሳል፤ የፓኔሌ ሽቦ ግን አሥር ሜትር አይሞላም። ደግሞም የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመጣው። በበጋ ውኃው ሲቀንስ ፀሐይዋ ትበረታለች። ሁለቱ ይደጋገፋሉ ባይ ነኝ።

አዋጣሽ ወይ? ለካርድ የምከፍለው ቀንሷል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ሐሳባችሁ የካርድ ወጪ ማዳን ብቻ ከሆነ ለጊዜው ቆዩ እላለሁ። እኔ የቆጠርኩት ሌላ ነው። በ11 ወር አንድም ኢንሱሊን አልጣልንም። ወተትና ሥጋ አልተበላሸብንም። ግንቦትን ሙሉ እማዬ አልጋዋ ላይ ነው የተኛችው።

ከትናንት በስቲያ የፊት ለፊት ጎረቤቴ መጣች። ቤቷ በር ላይ በረዶና ጁስ ትሸጣለች። ባለ 450 አንድ ፓኔል ልትገዛ ገንዘብ አዘጋጅታለች። ደብተሩን አውጥተን ቆጠርን። ዲፕ ፍሪዘሯ ብቻውን ከፓኔሉ በላይ ሆነ። ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ አምፖሎቹን፣ ቬንትሌተሩንና የልጆቹን ቴሌቪዥን ለብቻ ደመርን፣ በአንድ ፓኔል በደንብ ይሄዳል። ኢንቨርተሩን አሁኑኑ ተለቅ ያለ ከያዘች፣ ሌላ ፓኔልና ባትሪ ለዓመቱ ጨምራ ፍሪዘሩን ታስገባለች። ቅዳሜ ታይዋን ገበያ አብረን እንሄዳለን። ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።