ትራክተሩ ዋጋው ልክ መሆኑን ላዩልኝ መካኒክ፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ባለፈው ወር ለአንድ ያገለገለ ኮምፓክት (አነስተኛ) ትራክተር ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሰዓት ቆጣሪው 1,100 ይላል፣ ከፊት ሎደር (ጭነት የሚያነሳ አካፋ) ከኋላ ሮታቬተር (እየዞረ አፈር የሚፈጭ መሣሪያ) አለው፣ ሻጩም ትሁት ሰው ነው። እኔና ወንድሜ ለዓመታት ያጠራቀምነው ገንዘብ ከተጠየቀው ዋጋ ጋር ልክ ስለገጠመ እግዜር የሰጠን መስሎን ነበር። ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት አንድ የእርሻ መሣሪያ መካኒክ እንዲያዩልን የለመንኩት ወንድሜ ስለጨቀጨቀኝ ነው። ዛሬ የምንሠራበት ትራክተር ያ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ በዝርዝር የምጽፈውም ሥራቸውን ሳላሳይ "ጎበዝ ናቸው" ብዬ ብቻ ባልፍ ምስጋናዬ ባዶ ስለሚሆንብኝ ነው።

ስንደርስ ሻጩ "እንዳትቸገሩ ላሙቀው ብዬ ነው" አለን፤ ሞተሩ እየሠራ ነበር። መካኒኩ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ጭስ ማውጫው ማርሚታ አስጠጉና "ዛሬ አናየውም። ነገ ጠዋት እንመለሳለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳያስነሳው" አሉት። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን በአምስት ደቂቃ መመለሳችን አናዶኝ ነበር። ሲያስረዱኝ ግን ቁጣዬ በረደ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሳም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ራሱ ግሎ ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ከተበላ ወይም ባልቦላው (ቫልቩ) በደንብ ካልዘጋ አየሩ ይሾልካል፣ ሙቀቱም ይጎድላል። ይህ ጉድለት በደንብ የሚታየው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ የደከመ ሞተርም እንደ ደህናው ሊነሳ ይችላል። "ሞተር አሙቆ የሚጠብቅ ሁሉ አታላይ ነው አልልሽም፤ ግን የሞቀ ሞተር አይቼ ዋጋ አልነግርሽም" አሉኝ።

በማግስቱ ቀዝቃዛው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማስነሻው ሞተሪኖ ብዙ ዞረ። ሲነሳም ዓይን የሚቆጠቁጥ ነጭ ጭስ ለቀቀ፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ሲሰጡት ጭሱ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፤ ይህ ደግሞ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው እጄን ከላይ እንዳደርግ ነገሩኝ። ከውስጥ የሚመታ ትንፋሽ ተሰማኝ። በፋሻው በኩል ወደ ታች የሚሾልክ ግፊት እንደሆነ ገባኝ። ደህና የሆነውንም አልደበቁኝም። ዘይቱ ወተት አይመስልም፣ ማለትም ውሃ አልገባበትም። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ዓይን የለም፣ አረፋም አይወጣም፣ ስለዚህ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ደህና ይመስላል። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የእውነት ደስታ አየሁ። እንከን ለመልቀም ብቻ እንዳልመጡ ያመንኩት ያኔ ነው።

ስለ ሰዓት ቆጣሪው ያስተማሩኝን ለብዙ ሰው ብነግር ደስ ይለኛል፤ እኔ 1,100 የሚለውን ቁጥር እንደ እውነተኛ ዕድሜ ነበር የያዝኩት። በብዙ የቆዩ ትራክተሮች ላይ ያለው ሜካኒካል ቆጣሪ የሚሠራው ከሞተሩ ዙር ጋር ተያይዞ ነው። ሞተሩ በተወሰነለት የሥራ ዙር ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ሰዓት ይቆጥራል፤ በግማሽ ዙር ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ሰዓት ብቻ። የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ ግን ቆሞ የሚንተከተከውን ጊዜም እንደ ሙሉ ሥራ ይደምረዋል። ስለዚህ ሁለት ትራክተሮች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስላየን ሁለቱ እኩል ሠርተዋል ማለት አንችልም። ቆጣሪው ተበላሽቶ በሌላ ተተክቶ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይረዳንም። እሳቸው ያዩት ሰው ሁልጊዜ የሚነካቸውን ቦታዎች ነው። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሎቹ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ የማርሽ ዘንጉ እጀታ ለስልሷል፤ የኋላው ተቀጥላ የሚያያዝባቸው የማንሻ ክንዶች ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል። "ይህን ያህል ለመበላት 1,100 ሰዓት አይበቃም" አሉኝ። ሻጩ ዋሽቷል ግን አላሉም። እሱም ሲገዛው ቁጥሩን እንዲሁ አግኝቶት ሊሆን ይችላል።

በጣም የገረመኝ የጎማው ነገር ነው። የፊት ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ፤ እኔ እንደ ጥቅም ቆጥሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ተንበርክከው የአራቱንም ጎማ መጠን ከጎናቸው አነበቡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አራቱም ጎማ በሚነዳበት ትራክተር የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠን ከማርሾቹ ጋር ተሰልቶ የተመረጠ ነው። የፊቱ ከኋላው በጥቂቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ ቀድሞ እንዲጎትት ይደረጋል። አንድ ሰው የፊቱን ብቻ በሌላ መጠን ከቀየረው ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይጓተታሉ። ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ጉዳቱ አይሰማም፤ ጠንካራ መሬት ላይ ግን ጫናው ሁሉ ማርሾቹ ላይ ይወርዳል። ከፊት አክስሉ ዘይት ጥቂት ጠብ አድርገው ጣታቸው ላይ ፀሐይ ላይ ሲያዩት እንደ ብር የሚያበራ ብናኝ ነበረበት። የተፈጨ ብረት ነው። ለእኔ የዋጋ መጨመሪያ የነበሩት አዲስ ጎማዎች በእሳቸው ወረቀት ላይ ትልቁ ተቀናሽ ሆኑ።

ሎደሩን በቶሎ ነው የጨረሱት። አካፋውን በጭነት አንስተው ሞተሩን አጠፉና ሲወርድ በሰዓት ለኩ፤ ቀስ ብሎ መውረድ የብዙዎቹ ጠባይ ነው፣ ይህኛው ግን ቶሎ ወረደ። ከክንዱ ላይ ቀለም የተቀባበት የብየዳ ጠባሳ አገኙ፤ የመገጣጠሚያው ፔርኖና ቦኮላዎችም ልቅ ነበሩ።

አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተለወጠ። ከመቀመጫው ኋላ፣ አክስሉ ላይ፣ ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሳዩኝና "እዚህ ላይ መገልበጥ የሚከላከለው ብረት ነበር፤ ነቅለውታል" አሉ። ትራክተር ሲገለበጥ ሾፌሩ እንዳይደፈጠጥ የሚያደርገው ያ ብረት ከነቀበቶው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ ግዴታ ካደረገችው በኋላ ሌሎችም አገሮች ተከትለዋታል፣ ብዙ ሕይወትም ተርፏል። "ሰፈር ውስጥ አስበይደሽ እንዳትተኪው። ያኛው ተፈትኖ የወጣ ነው፤ የሰፈሩ ብየዳ አንቺ ላይ ነው የሚፈተነው። የፋብሪካው የሚገኝ ከሆነ ዋጋውን ትቀንሻለሽ፤ የማይገኝ ከሆነ ግን ይህን ትራክተር በነፃ ቢሰጡሽም ወንድምሽን አታስቀምጪበት።" ይህን የተናገሩት ከሻጩ ፊት ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ የተጠሩት ለዚሁ ነውና። ከግቢው ወጥተን ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ደብተራቸውን አወጡ። መጀመሪያ የጻፉት የተጠየቀውን ዋጋ አልነበረም። ያንኑ ሞዴል የሚመስሉ፣ በሥራ መጠናቸው የሚቀራረቡ፣ በቅርብ ጊዜ የተሸጡ ትራክተሮች ስንት እንደወጡ ነው የጻፉት። "የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው፤ ገንዘብ የተቆጠረበት ብቻ ነው ዋጋ" አሉኝ። በካምቢዮ ዓይነትም ለዩዋቸው፤ በፔዳል የሚሄደው ሃይድሮስታቲክና በፍሪሲዮን የሚሄደው ባለ ማርሽ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ከዚያ ትራክተሩን ባዶውን፣ ሎደሩን ለብቻው፣ ሮታቬተሩን ለብቻው ዋጋ ሰጧቸው። እኔ ሎደር ብዙም እንደማልጠቀም ስነግራቸው "እንግዲያው ነገ ብትሸጪው በምታገኚበት ዋጋ ያዢው እንጂ በአዲሱ ዋጋ አታስቢው" አሉኝ። ቀጥሎ ጥገናው መጣ፤ የመለዋወጫው፣ የሠራተኛው፣ በዚያ ላይ ትራክተሩ ተፈትቶ የሚቆምበት ጊዜ። የመጨረሻውን እኔ በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። የእርሻ ሥራ ወቅት አለው፤ በዝናቡ መሐል ሁለት ሳምንት የቆመ ትራክተር ያሳጣንን ምርት ዋጋ ውስጥ ማስገባት አለብን።

ስለ ጉልበቱም አንድ መስመር ጽፈዋል። ማስታወቂያው ላይ 25 ፈረስ ጉልበት ይል ነበር፤ ያ የሞተሩ ነው። ሮታቬተሩን የሚያዞረው ፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው የኃይል ዘንግ) ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው፣ ከፊሉ በመንገድ ላይ በካምቢዮውና በፖምፓዎቹ ይበላል። በደቂቃ 540 ዙር ላይ አድርሰው ሮታቬተሩን አፈር ውስጥ ሲያስገቡት ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ሊጠፋ ደረሰ። ባዶ ሲዞር ግን ምንም አይሰማም ነበር።

ተቀናሹ ተደምሮ ከተጠየቀው ዋጋ ሲሶ ደረሰ። ወረቀቱን ለሻጩ በአክብሮት አሳየሁት፤ ሊቀንስ የፈቀደው በጣም ጥቂት ነበር፤ ተመስጋግነን ተለያየን። ያን ቀን ማታ አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ለዚያ ትራክተር ልቤን ሰጥቼው ነበር።

ሁለተኛውን ያገኘነው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ መቀመጫው ተቀዷል፣ ቆጣሪው 2,300 ይላል፤ ብቻዬን ብሆን ዞር ብዬ አላየውም ነበር። ጃፓን ውስጥ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ስለሆነ ምልክቶቹ በጃፓንኛ ናቸው። መካኒኩ ሞተሩን ከማየታቸው በፊት የሞዴል ቁጥሩን ከሰሌዳው ገልብጠው መለዋወጫ ወደሚሸጡበት ደወሉ። ኩቦታም ሆነ ያንማር ወይም ኢሴኪ፣ ለጃፓን የተሠራው ሞዴል ወደ ውጭ ከሚላከው በቁጥርም በክፍሎችም ሊለይ ይችላል፤ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ፓራኦሊ (ዘይት የሚያግድ ላስቲክ) የማይገኝለት ትራክተር ርካሽ ሆኖም ውድ ነው አሉ። የተሠራበትን ዓመትና አገር ውስጥ የገባበትንም ለዩልኝ፤ ብዙ ሰው የሚነግረን የገባበትን ነው። ክፍሎቹ እንደሚገኙ ካረጋገጡ በኋላ ነው "በሉ አስነሱት" ያሉት።

ቀዝቃዛው ሞተር ወዲያው ተነሳ። ባለቤቱ ዘይትና ፊልትሮ የቀየረበትን ቀን ከነሰዓቱ የጻፈበት ደብተር ነበረው፤ መካኒኩ ያን ደብተር እንደ መልካም ዜና ገጽ በገጽ አነበቡት። በከፍተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሬን ይዘው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ሞተሩ ጠፋ፤ ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም ማለት ነው። ለግማሽ ሰዓት አሠርተው ከሞቀ በኋላም ሁሉንም ደገሙት። የተገኘው እንከን በግራው የፊት ጎማ በኩል የሚያንጠባጥብ ፓራኦሊና የኋላ ጎማዎቹ ግማሽ ማለቃቸው ነው። መከላከያ ብረቱ ከነቀበቶው በቦታው ነበር። ስሌቱ ከተጠየቀው ዋጋ ስምንት በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ወጣ፤ ባለቤቱ ወረቀቱን አንብቦ ስድስት ቀነሰልን፤ እሳቸውም "ልክ ነው፣ ለሁለት በመቶ ጥሩ ትራክተር አይለቀቅም" አሉኝ። ገዛነው። ፓራኦሊውን ራሳቸው ቀየሩልን፣ እስካሁንም ጠብ አላለም።

ክፍያቸውን ከሥራው በፊት ነው የነገሩኝ፤ ገዛሁም አልገዛሁም አንድ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ "ሽያጩ ከተሳካ ለእርስዎም አላጣም" ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ "የከፈለችኝ እሷ ናት" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለዚህ መልስ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው አላውቅም።

ልትጠሯቸው የምታስቡ አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ ለአንድ ትራክተር ሁለት ጠዋት ሊወስድባቸው ይችላል። በስልክ ወይም በፎቶ ብቻ ዋጋ አይገምቱም፣ ብትለምኗቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ግዙ ወይም አትግዙ አይሉም፤ ወረቀቱን ሰጥተው ውሳኔውን ለእናንተ ይተዋሉ። የሚቸኩል ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል፤ እኔ ግን ያዳነኝ ይኸው ዝግታቸው ነው።

ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ስልካቸውን የምሰጠው በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ብቻ ነው። ስትጽፉልኝ የትራክተሩን ሞዴል፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥርና የአራቱንም ጎማ መጠን አብራችሁ ላኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እነዚህን ነው። ቀጠሮ ከያዙላችሁ ደግሞ ለሻጩ ከዋዜማው ደውላችሁ፣ እሳቸው እስኪደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሳው አደራ በሉት።