ግሽ ዓባይ፦ በባዶ ሆድ የሚኬድበት ምንጭ

ጎጃም ውስጥ ሰከላ ወረዳ ድረስ ደክመው ሄደው የዓባይን መነሻ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ፣ ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ቁርስ ነው። ጸበሉ ወዳለበት ግቢ የሚገባው እህል ያልቀመሰ ሰው ነው፤ አንድ ስኒ ቡና በዳቦ ቀምሶ የመጣም ከበላ ይቆጠራል። ከሩቅ አገር መምጣትም ሆነ ለጉብኝት ነው ማለት ይህን ሕግ አያስቀርም፣ ሊያስቀርም አይገባም። ሌላው ሥርዓት በየጸበሉ ያለው ነው፦ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴትና ሩካቤ የፈጸሙ ባልና ሚስት በዚያን ቀን ወደ ጸበሉ አለመግባት።

ስለዚህ ጉዞው የሚታሰበው ከሆድ ተነስቶ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል፣ ከባሕር ዳር የሚነሳ ደግሞ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ጥሊሊ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰከላ ይገነጠላል። በማለዳ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዚያው ቀን ጸበል ለመድረስ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል፣ ጥሊሊ ላይ መኪና መቀየር አለ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ሰው ይርበዋል፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቀመሰ ማለት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ግሽ ዓባይ ከተማ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ምንጩ መውረድ ይሻላል። በክረምት ደግሞ ጭቃው መኪናም እግርም ይይዛል። ጥቅምትና ኅዳር መሬቱ ጠጥሮ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ ስለሚገኝ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ለሾፌሮች ደውሎ መጠየቅም ግድ ነው።

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። ማለዳ ላይ ጸበሉ አጥንት ይገባል። ጋቢ፣ ፎጣና ሙሉ ቅያሪ ልብስ ያልያዘ ተጠማቂ እርጥብ ልብሱን ለብሶ ሲመለስ ይታመማል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የጸበሉ ይመስለዋል። ባዶ ሆድና ከፍታ ሲገናኙ ራስ ያዞራል፤ ከግቢው ሲወጡ የሚቆረጠም ቆሎ በኪስ መያዝ ይጠቅማል። የስኳር ወይም ሌላ የየዕለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፤ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ተማክሮ ይሂድ። ለጸበል የሚያዘው ጀሪካን ዘይት ያልነበረበት፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ ዘይቱ ታጥቦም ሽታው አይለቅም።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚፈራው ነገር። ግሽ ዓባይ የመንፈስ ቦታ ነው ሲባል የኖረው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን ያየው ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም፣ በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም አገዎች ለወንዙ መንፈስ ከብት ሲሠዉ እንደነበር ጽፈዋል። ብሩስ የጻፈው ዝርዝር ነው፦ ወልዳ የማታውቅ ጥቁር ጊደር ትታረዳለች፣ ሥጋዋም እዚያው ምንጩ ዘንድ ተከፋፍሎ ይበላል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቦታውን የምታውቀው በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው። ጻድቁ ወደ እስር ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ፣ ሲመለሱም ውሃ ሳይነካቸው ተቀበሏቸው ይባላል። እንግዲህ አንዱ ምንጭ ከጥንቱ መሥዋዕትም፣ ዓባይ ነው ከሚባለው የኦሪት ዘፍጥረት ወንዝ ከግዮንም፣ ከጻድቁ ገድልም ጋር ተያይዞ ነው የኖረው።

ጸበሉ ሲረጭ የሚጮኽ፣ የሚወድቅ፣ በሌላ ድምፅ የሚለፈልፍ ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ለአዲስ ሰው ያስደነግጣል፤ ልጅ ይዞ የሄደ አስቀድሞ ይንገረው። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፦ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት፣ መንገድ አለመዝጋት፣ ከታማሚው ጋር አለመነጋገር፣ ለካህኑና ለአስታማሚው መተው። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ግን ነውር ነው። የሰው እናትና እህት በጭንቋ ሰዓት የምትታይበት ቪዲዮ የጉብኝት ማስታወሻ አይሆንም።

እንደ ጢስ ዓባይ የሚያጓራ ውሃ የጠበቀ ይከፋው ይሆናል። እዚህ የሚታየው ከረግረግ ሣር ሥር የሚመነጭ ትንሽ ውሃ ነው። ከግቢው ወጥቶ በሜዳው ቁልቁል መከተል ያስፈልጋል፤ አንድ እርምጃ የሚያሻግረው ጅረት ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና የሚገባው፣ ከጣና ወጥቶም ጎጃምን የሚከበው ይኸው ነው። ይህን ሳያዩ መመለስ ግማሹን መተው ነው።

ጥር 13፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል፣ ድምቀቱ ልዩ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን አልጋ መያዝ ይከብዳል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ለክብረ በዓሉ የሚሄድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይግባ፤ ምንጩን በጸጥታ ለማየት የሚፈልግ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ። ከጸበል መልስ ከተማው ውስጥ ትኩስ የገብስ ዳቦና የሰከላ ድንች ከተገኘ ሌላ ምግብ መፈለግ አያስፈልግም።