የወንድሜ ራፕተር አዲስ አክስል አገኘ

ሀገር ቤት የገባሁት ቤተሰብ ለመጠየቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን ቀደም ብሎ ቪዲዮ ልኮልኛል። ያማሃ ራፕተር 700 የተባለው ባለ አራት ጎማ ሞተሩ ሲሄድ የኋላ ግራ ጎማው ይወላገዳል። አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁና በካርቶን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ምንም ሳይፈታ “አሙቀን እናቃናዋለን” አለን። አመስግነን ወጣን። የአክስል ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው፤ በእሳት ሲያቃኑት ያጣዋል። እንዲህ ያለ ባለ አራት ጎማ ስፖርት ሞተር ደግሞ ከኋላ ዲፈረንሻል (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል) የለውም። ሁለቱንም የኋላ ጎማ የሚያዞረው ያው አንድ ዘንግ ነው። ወንድሜን እሱ ላይ አስቀምጬ መሄድ አልፈልግም።

ሁለተኛው መካኒክ ሌላ ሰው ነው። ያመጣሁትን አክስል እንኳ አላየም። ሞተሩን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን አወለቀ። ከዚያ አንድ ሽቦ በአክስሉ ጫፍ አጠገብ አቁሞ ዘንጉን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው። ጫፉ አንዴ ወደ ሽቦው ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል። ቸርኬው ሳይሆን አክስሉ እንደተጣመመ በዓይናችን አየን። ቀጥሎ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው። ኪው ኪው አለ። “ወንድሜ፣ ኩሽኔታውም አልቋል። አዲሱን አክስል በዚህ ላይ ብከተው ገንዘብህን መጣል ነው” አለኝ።

እኔ ኩሽኔታ አላመጣሁም ነበር። እሱ ግን የአሮጌውን ጠርዝ ጠርጎ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ፤ በቁጥሩ አዲስ ኩሽኔታ ከላስቲክ ማሸጊያው ጋር ተገዛ።

ሥራው ራሱ ግማሽ ቀን ወሰደ። ትልልቆቹን ዳዶዎች ሊያላላ ሲል ጎማውን መልሶ ሞተሩን መሬት አወረደ፤ ወንድሜ ፍሬን ይዞ ቆመ። ተንጠልጥሎ ቢሆን ዘንጉ አብሮ ይዞር ነበር። ካቴናውን አላልቶ፣ የፍሬኑን ካሊፐር ቱቦው እንዳይሳብ በገመድ አስሮ፣ አሮጌውን አክስል በእንጨት ላይ እየመታ አወጣው። የአዲሱን ጥርሶች ግራሶ ቀባ። ዳዶዎቹ ላይ ግን ግራሶ አላስነካም፤ ጥርሳቸውን አጽድቶ የማጣበቂያ ፈሳሽ አደረገባቸውና አጠበቀ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ዳዶውን ያጠበቀው በረጅም ቧንቧና በክንዱ ግምት ነው፤ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ አልነበረውም። ነገርኩት፣ አልተቆጣም። “ነገ ነድታችሁት መልሱልኝ” አለ። መለስንለት። አንዱ ዳዶ ትንሽ ሰጥቶ ኖሮ እንደገና አጠበቀው፣ ካቴናውንም አስተካከለ። ለዚህኛው ዙር ሳንቲም አልጠየቀም። ያን ቀን ማታ ወንድሜ መሪውን ለቆ ሲነዳ አየሁትና ጮህኩበት፤ ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።