ጋራ ሐኪም፦ ከጅቡ በፊት መታየት ያለበት ጉብኝት

ሐረር ላይ ለእንግዳ የሚሸጠው ጉብኝት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ግማሽ ቀን በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ ማታ ጅብ ማብላት። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ጋራ ሐኪም የሚጨመረው ለጠየቀ ብቻ ነው። ጠይቁ፤ የጅቡ አፈ ታሪክ መነሻው እዚያ ነውና።

በክፉ ረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ ይባላል። የከተማዋ ወሊዮች (ቅዱሳን ሰዎች) ጋራው ላይ ተሰብስበው መከሩ፤ ገንፎ እየሰጡ ከጅብ ጋር ለመታረቅ ተስማሙ። በየዓመቱ ለዓሹራ፣ ሙሐረም 10፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ የሚቀርብላቸው በዚህ ነው። መሪው ጅብ ቀምሶ ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ አፍንጫውን ካዞረ ሕዝቡ ዱዓ ይይዛል። ማታ ማታ በሥጋ የሚደረገው ማብላት ሌላ ነገር ነው፣ የቅርብ ጊዜ ልማድ። ሁለቱን የሚያደባልቅ አስጎብኚ ሞልቷል። ይባስ ብሎ ታሪኩን የሚያወራው ጅቡ ሥጋውን ሲነጥቅ፣ እንግዳው ስልኩን ደግኖ ሳለ ነው። ማን ይሰማዋል? ከመክፈላችሁ በፊት «ታሪኩን ጋራው ላይ ንገረን» ብላችሁ ተስማሙ።

ከሰዓት 9 ተኩል ላይ መነሳት ጥሩ ነው። ፊታችሁን ወደ ከተማዋ ስታዞሩ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ጥላ ሲጥል፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለው ጀጎልና በስተምዕራብ የተዘረጋው አዲሱ ከተማ ተለይተው ይታያሉ። በቀትር ከወጣችሁ ሁሉም ነገር ልሙጥ ነው። ባጃጅ ስትይዙ ሂሳቡን ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ተነጋገሩ፤ ጥሎ ከወረደ ሌላ ማግኘት ይቸግራል። ከዝናብ በኋላ የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም።

ጋራው ላይ ባለው የወሊዩ የአው ሐኪም መቃብር፣ ዚያራው ጋ፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ሻሽ ያደርጋሉ፣ ፎቶ በፈቃድ ነው። ለሙሪዱ፣ ማለትም ለዚያራው ጠባቂ፣ ዕጣን፣ ቡና ወይም ጫት ይዞ መሄድ ያምራል። የጋራውን ጫፍ አሳይቶ ዚያራውን የሚያልፍ አስጎብኚ ግማሹን ሥራ አልሠራም።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ውረዱ፤ ማብላቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። በመሀል ጅቦቹ ወደ ጀጎል የሚገቡባቸውን የግንቡን ቀዳዳዎች፣ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉትን፣ አሳየን በሉት።

ከድሬዳዋ ለምትመጡ፦ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ማታ ሚኒባስ ስለሚሳሳ ሁለቱንም ለማየት ሐረር ማደር ነው። ማደር ካልተቻለ ጅቡ ይቅር፣ ጋራውን ውጡ።