«ዛሬ አልወጋሽም» ላለችኝ ነርስ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር ሙሉ ዳር ዳር ስል ቆየሁ። ስለ ፊት መርፌ በአደባባይ ማውራት እኛ ዘንድ አልተለመደም። «ምን ጎድሏት ነው?» ይባላል። ባለፈው እሁድ ግን ቤተክርስቲያን በር ላይ አንዲት የማላውቃት እህት ጠጋ ብላ «ይቅርታ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢዋለሽ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከጉድ ያወጣችኝ ይቺው ጥያቄ ነቻ! ስለዚህ ልጻፈው።

ለንደን ከመጣሁ 17 ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬ 46። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት። ሰው ወደ ሥራ ሲሮጥ እኔ አውቶቡስ መስኮት ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይሄ ኑሮ ፊቴ ላይ ወጣ። ወዙ ጠፋ። አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ዝም ብዬ ቡናዬን ስጠጣ ልጄ መጥታ «እማዬ፣ ተናደሽ ነው?» ትለኛለች። አልተናደድኩም። ፊቴ ነው እንደዚያ የሆነው።

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ስታገባ አዲስ አበባ ሄድኩ። አክስቴ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው «ውይ ልጄ፣ ምነው? እንግሊዝ አገር ምግብ የለም እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሌሊት ላይ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት ለብቻዬ ቆምኩ። ወጣት ሆኜ ደም ግባቷ እየተባልኩ ያደግኩ ሴት ነኝ። ማን ነች ይቺ?

ተመልሼ እንደመጣሁ ክሬም ገዛሁ። አንድ ሱቅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። «ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው» አለችኝ ሻጯ። እውነትም በሁለት ሳምንት ፊቴ ቦግ አለ። ቀላሁ። ሰው አደነቀኝ፤ እኛ ደግሞ ቀላሽ ስንባል እንዴት እንደምንደሰት ይታወቃል። ከዚያ ሁለት ቀን ረስቼ ሳልቀባ ቀረሁ። ፊቴ በርበሬ የታሸ ያህል ተቃጠለ። ስቀባው በረደ። ስተወው ነደደ። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ተኩል ሄደ። ቆዳዬ ስስ ሆነ፤ የደም ስሬ ከውጭ መታየት ጀመረ። ጉንጬ ላይ ለስላሳ ጸጉር ሁሉ አበቀለ። ለማንም አልተናገርኩም። ፋውንዴሽን የሚሉትን የፊት ሜካፕ ደራርቤ እወጣ ነበር።

በዚህ ላይ ነው ቆዳን የሚያድስ መርፌ አለ ሲሉ የሰማሁት። ያደረጉት ሰዎች በስልክ ፎቶ ያብለጨልጫሉ። አንዲት ሴት እቤቷ ውስጥ ባለች ክፍል ትወጋለች ተባለና ሄድኩ። 180 ፓውንድ በጥሬው። ምንም አልጠየቀችኝም። ፋውንዴሽኔን እንኳ በደንብ አላስለቀቀችውም። መርፌው ቀድሞ ተሞልቶ ትሪ ላይ ተቀምጧል፤ ከምን ዕቃ እንደተቀዳ አላየሁም። ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ሶፋ እያወራች ነው የወጋችኝ። ስለ ሶፋ! ስወጣ አንዱ የፊቴ ጎን በልዞ ነበር። ከግራ ዓይኔ ሥር ሁለት እብጠቶች አምስት ሳምንት ተቀመጡ። ስደውልላት «ብዙ ውሃ ጠጪ» አለችኝ። እንደገና ስደውል አላነሳችም። በሦስተኛው ብሎክ አድርጋኛለች። እግዜር ይይላት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እንግዲህ አሁን ወደ ምስጋናዬ።

አብራኝ ማታ የምትሠራ ጋናዊት ልጅ ሁኔታዬን አይታ የአንዲት ነርስ ቁጥር ሰጠችኝ። የነርሷ ትውልድ ናይጄሪያ ነው። ብዙውን ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ደቡብ ለንደን ውስጥ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ትንሽ ክፍል። ጥቅምት ላይ ሄድኩ። መርፌውን ዛሬውኑ ተወግቼ ልሄድ ቋምጬ ነበር፤ ገንዘቡም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ዕቁብ ደርሶኝ።

መጀመሪያ ፊቴን ራሷ አጠበችው። በሞቀ ውሃና በጥጥ፣ ቀስ ብላ። መብራቱን አስጠጋች። ዝም አለች። ከዚያ «ምን ትቀቢያለሽ?» አለችኝ።

«ቫዝሊን» አልኳት። ዋሸሁ።

እሺ አለች። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ። ስለምወስደው መድኃኒት፣ አለርጂ እንዳለኝ፣ እርጉዝ እንደሆንኩ። በ46 ዓመቴ! ጻፈች፣ ጻፈች። ከዚያ እንደገና፣ ድምጿን ሳትቀይር፣ «ከቫዝሊኑ ሌላስ?»

«ምንም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና እንዲህ አለችኝ፤ «እናቴ ሌጎስ ለ20 ዓመት ተቀብታለች። እኔም ልጅ ሆኜ ከሷ ሰርቄ እቀባ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያሳፍር ነገር የለም።»

አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ! ታላቅ እህቴን ያገኘሁ መሰለኝ። ክሬሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንድም ቀን ጥዬው ወጥቼ አላውቅማ። አወጣሁና ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ በደቃቁ የተጻፈውን አነበበችልኝ። ክሎቤታሶል። ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ነው አለችኝ። እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። እኔ ከሽሮ ዱቄትና ከዕጣን ጎን ከተደረደረበት አንስቼ የገዛሁት!

ከዚያ «ዛሬ አልወጋሽም» አለች። እንዲህ በሳሳ ቆዳ ላይ መርፌ አላሳርፍም። የጠይም ሰው ቆዳ ከተቆጣ ምልክቱ ለወራት ጠቁሮ ይቀራል፤ መጀመሪያ ቆዳሽ ይዳን። ለጂፒዬ፣ ማለትም ለተመዘገብኩበት የሰፈር ሐኪም፣ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን መልሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ለምክሩ እንኳ አልተቀበለችኝም። አስቡት፣ ያቺኛዋ ስለ ሶፋ እያወራች 180 ፓውንድ ወስዳለች።

ጂፒዬ ክሬሙን የምተውበትን መንገድ አሳየኝ። ስለነዚያ ሳምንታት ብዙ አላወራም። ፊቴ ተላጠ፣ ቀላ፣ አበጠ። ሥራ ቦታ ማስክ አድርጌ ነው የከረምኩት። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዓርብ ዓርብ መልእክት ይመጣልኛል። «ዛሬስ ፊትሽ እንዴት አደረ?» ከነርሷ ነው። አንድ ፓውንድ ያልከፈልኳት ሴት! ሁለት ሌሊት «ልቀባ ነው፣ አልቻልኩም» ብዬ ጽፌላታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ደውላ እስክረጋጋ አወራችኝ። እኔ የገዛ ወንድሜ ሦስት ወር ሳይደውልልኝ ይቆያል።

አምስት ወር አለፈ። መጋቢት ላይ አየችኝና «አሁን ይቻላል» አለች።

ስለ መርፌው የገባኝን ያህል ልንገራችሁ፤ ብዙ አልገባኝም። ሁለት ዓይነት እንዳላት ነገረችኝ። አንደኛው ከሳልመን ዓሣ ነው የሚሠራው፤ ከወንዴ ዘሩ። ሁዳዴ ነበር። «የኔ እህት፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ገና አልተፈታም። ባለቤቴ ይበላል፣ እኔ አልበላም። ጭራሽ በመርፌ?» ብዬ አስረዳኋት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለነገሩ ለኔ ያሰበችው ሌላውን ነበር። ፕሮፋይሎ ይባላል፣ የጣሊያን ነው። ውስጡ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው ስትለኝ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። አሲድ ሲባል እኛ አገር ምን ትዝ እንደሚለን ታውቃላችሁ። ስሙ ነው እንጂ የሚያቃጥል አይደለም፣ ራሱ ሰውነታችን ውስጥ ያለ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው አለችኝ። ከእንስሳም አይወሰድም፤ በባክቴሪያ አብላልተው ነው የሚያወጡት። «እንደ ጠላ?» አልኳት። ጠላ ምን እንደሆነ ሳስረዳ አሥር ደቂቃ ሄደ።

ከንፈር እንደሚሞሉበት ወይም ጉንጭ እንደሚያሳብጡበት መርፌ አይደለም። የፊትን ቅርጽ አይቀይርም። ቆዳ ሥር ገብቶ ይሰራጭና ያረጥበዋል፤ ቆዳው ራሱን እንዲያድስ ይቀሰቅሰዋል አለችኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ማሸጊያውን እያየሁ ቀደደችው። ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን አሳየችኝ። ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ነቅላ መዝገቤ ላይ ለጠፈች። አምስት ቦታ በቀኝ፣ አምስት ቦታ በግራ በነጭ እርሳስ ምልክት አደረገች። ፈራሁ። «በቋንቋሽ ቁጠሪ» አለችኝ። አንድ ብዬ ጀመርኩ። እሷም ከኔ ጋር ትላለች፤ «አንድ... ሁለት... ሶሲት።» ሶስት ማለት አቃታት። አምስት ላይ ስንደርስ እኔ እየሳቅኩ ነው። ያማል፣ አልዋሽም፤ እንደ ንብ ይነድፋል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ስወጣ ትንኝ የነከሰኝ የመሰሉ አሥር ጉብታዎች ነበሩብኝ። በማግስቱ ጠዋት የሉም። ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ተወጋሁ። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝና ሰላምታ ሳትሰጠኝ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አለች። ተለማምዳ ነው የመጣችው!

ለውጡ ወዲያው አልታየም። ከሁለተኛው በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ የአውቶቡሱ መስታወት ላይ ራሴን አየሁ። አልጠቆርኩም፣ አልቀላሁም። የራሴ ቀለም ነው። ግን ወዝ አለው። እንቅልፍ የጠገበች ሴት ፊት፤ እንቅልፍ ሳልጠግብ። ልጄም «ተናደሽ ነው?» ማለት ትታለች። በቪዲዮ ያዩኝ አክስቴ ደግሞ «ተመስገን፣ መብላት ጀመርሽ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ተአምር አይደለም። የግንባሬ መስመሮች አሁንም አሉ። ማዲያት ያለባችሁ፣ ይህ መርፌ ማዲያት አያጠፋም፤ እሷም መጀመሪያ የምትነግራችሁ ይህንኑ ነው። ለዘላለም አይቆይም፤ ስድስት ወር ገደማ ላይ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱ ጊዜ በድምሩ 560 ፓውንድ ከፍያለሁ። ለኔ ብዙ ብር ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬምም በየቀኑ ቀቢ ብላኛለች። ለንደን ላይ የቱን ፀሐይ እንደሆነ እንጃ፣ ግን እቀባለሁ። እሷ ካለች አለች ነው።

እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። እኔ ስወጋ እንግሊዝ አገር ይህን ዓይነት መርፌ ለመውጋት ሐኪም ወይም ነርስ መሆን በሕግ ግዴታ አልነበረም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና ሕግ መንግሥት የፈቃድ ሥርዓት እንዲያቋቁም ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ያቺ የሶፋዋ ሴት ግን ያለ ማንም ጠያቂ ነበር የምትሠራው። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ። ነርስ ነኝ ካለቻችሁ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል፤ ስሟን ፈልጉ። ዕቃው ፊታችሁ ይከፈት። ምንም ሳትጠይቃችሁ መርፌ የምታነሳ ከሆነ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ አፍሬ ተቀምጬ ነው የተጎዳሁት።

ያንን ክሬም የምትቀቡ ደግሞ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ፊታችሁን አያለሁ። አልፈርድም፣ እኔ ማን ሆኜ። ግን በአንድ ቀን ወርውሩት አልላችሁም፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ሞክሬ አቃጥሎኛል። ሐኪም አይቷችሁ ተዉት።

የነርሷን ስም እዚህ አልጽፍም። ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ስልኳን ማጨናነቅ አልፈልግም። ጽሁፉን ተርጉሜ አንብቤላት «ሰው ከላክሽ ክሬማቸውን ይዘው እንዲመጡ ንገሪያቸው» ብላኛለች። ስለዚህ ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትሄዱ ደግሞ የምትቀቡትን ሁሉ፣ የደበቃችሁትንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እውነት ንገሯት። ሂዱ፣ አትፍሩ፣ እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት፤ እጇ ይባረክ።

ማታ ማታ ሥራ ላይ ነኝና መልስ ባዘገይ አትቀየሙኝ።